የአያቴ ቀይ ባንዲራ

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ልደርስ አቃቂ በሰቃ ሄጄ ዝናብ ያዘኝና አንድ ጋራዥ ደጃፍ ተጠለልኩ። አንድ ወጣት ሳፋ ሙሉ ናፍጣ አስቀምጦ የመኪና ብረት ያጥባል። የናፍጣው ሽታ ከረጠበ ጠጠር ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታኝ ዕድሜዬን ረሳሁት። የአያቴን የምሳ ሳህን በፎጣ ጠቅልዬ የያዝኩ ይመስል ቀኝ እጄ ከበደኝ። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ ዝናቡ ይመታዎታል» አለኝ ወጣቱ። እማማ መባልን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፤ ቢሆንም ገባሁ።

«እዚህ አካባቢ የባቡር ማቋረጫ ነበረ አይደል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝና ወደ ብረቱ ተመለሰ። ተናደድኩበት። እሱ ምን ያድርግ፣ ግን ተናደድኩበት።

ማቋረጫው ገና ሳለ፣ ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት፣ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔ ሥራ ለአያቴ ምሳ ማድረስ ነበር። አያቴ የምድር ባቡር የማቋረጫ ዘበኛ ነበሩ። መንገዱ ከሀዲዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ ነበረቻቸው፤ ውስጧ አንድ በርጩማ፣ አንድ የላምባ ፋኖስና ሁለት ባንዲራ። ባንዲራዎቹ አንዱ ቀይ ሌላው አረንጓዴ ነው። ባቡር ሲመጣ በቀዩ መንገደኛውን ያቆማሉ፣ ሲያልፍ በአረንጓዴው ይለቃሉ። ሥራ ሲያበቃ ሁለቱንም በአሮጌ ገምባሌያቸው ይጠቀልሏቸዋል። ያ ገምባሌ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ እግራቸው ላይ ይጠመጥሙት የነበረው ጨርቅ ነው።

የሰፈሩ ሰው «ግራዝማች» ይላቸዋል። ግራዝማችነታቸውን ያገኙት አምስቱን የጣሊያን ዓመታት ጫካ ከርመው ነው፤ እንጀራቸውን ግን የሚበሉት ባቡር በማሳለፍ ነበር። አባቴ በዚህ ነገር ይበሳጫል። እኔ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ሹመት ያለ አይመስለኝም ነበር። የጭነት መኪናው፣ ጋሪው፣ ወደ ፋብሪካ የሚሮጠው ሠራተኛ፣ ሁሉም ቀዩን ሲያይ ቀጥ ይላል። ጣሊያንም አገራችንን ለቆ የወጣው አያቴ ቀይ ባንዲራ አሳይተውት እንደሆነ በሙሉ ልቤ አምን ነበር።

ጋሽ ክንፈ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት ኮሪያ ዘምቶ ተመልሷል። እዚያ ሥራው ቃሬዛ መሸከም ነበር፤ የቆሰለውንም የሞተውንም ከተራራ ላይ ያወርዳል። ቀኝ ትከሻው ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ጎድጓዳ ነበረችው። «ሜዳልያዬ ይቺ ናት፤ ሌላውን ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ» ይላል። ቤታችን ሲመጣ የልብስ ሳፋችንን በሁለት እንጨት ላይ አስሮ ድመቷን ያስተኛባትና እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነን ግቢውን እንዞራለን።

«እርምጃሽን ከእኔ ጋር አስተካክዪ። ስታወርጂ ቀስ። መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ራሱን።»

«የሞተ ከሆነስ ጋሼ?»

«የሞተም ቢሆን ቀስ ነው። አይሰማውም ብለሽ እንዳትጥይው።»

ድመቷ ገና ሳንጀምር ትዘላለች። ጋሽ ክንፈ «ቁስለኛው ድኗል!» ብሎ ሰላምታ ይሰጣታል።

ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ ሥራ አይረጋለትም ነበር። የጭነት መኪና ነዳ፣ ዱቄት ፋብሪካ ገባ፣ ወጣ። የሚችልበት ነገር ሰው መምሰል ነው። ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ ሲያስመስል እናቴ ሆዷን ይዛ ትወድቃለች። በመጨረሻ ከተማ ሄዶ ከቲያትር ሰዎች ጋር ገጠመ። ከዚያ አንድ ቀን እየሮጠ መጣና «ፊልም ልሠራ ነው! ትልቅ ቦታ ነው የሰጡኝ!» አለን። ፊልሙ ስለ አርበኞች ነው ሲባል የአያቴ ፊት በራ።

ከዚያ በኋላ አያቴ ከሥራ ሲመለሱ ጋሽ ክንፈ ቤት ጠብቆ ይይዛቸዋል። እሳቸውም ያወሩታል። ዋሻ ውስጥ እንዴት እንደተደበቁ፣ አንድ የአገራቸው ሰው ባንዳ ሆኖ ጣሊያንን እየመራ እንዴት እንዳመጣባቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው ዋሻው አፍ ላይ እንዴት እንደወደቀ። ወንድማቸውን ሳያነሱት ነው የሸሹት። ይህን ሲናገሩ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«አባባ፣ ባንዳው ሲመጣ እንዴት ነበር የሚራመደው?» አላቸው አንድ ቀን ጋሽ ክንፈ።

አያቴ ተነሱ። አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ቀበር አድርገው፣ ውሻ እንደሚያሸት በየደረሱበት ቆም እያሉ፣ በዓይናቸው መሬት መሬት እያዩ ከበሩ እስከ ምድጃው ሄዱ። ፈራኋቸው። ጋሽ ክንፈ አልሳቀም፤ ዓይኑን ሳይነቅል እግራቸውን ያያል።

ፊልሙ ከተማ ሲኒማ ቤት መታየት የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። እኛ ሳናየው ወሬው ቀደመን። የሚካኤል ማኅበር በእኛ ቤት በነበረበት ቀን፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጋሽ ክንፈ ራሱ ጠላ እየቀዳ፣ የጨርቅ ፋብሪካው ፎርማን አቶ ደምሴ ገባ።

«ግራዝማች፣ እንኳን ደስ ያለዎ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «የርስዎን ልጅ ትናንት በፊልም አየሁት። ምን የመሰለ ባንዳ ሆነ መሰለዎት! ጣሊያኖቹን እየመራ ዋሻው ድረስ አደረሳቸው እኮ። ሲራመድ ብታዩት! ተነስቼ ላንቀው ምንም አልቀረኝ።»

ማድነቁ ነበር። ግን አያቴ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ።

«እውነት ነው?» አሉት ጋሽ ክንፈን።

«አባባ፣ ጨዋታ ነው እኮ። የእውነት አይደለም።»

«በእኔ እግር ነው ለባንዳው የሄድክለት?»

አያቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። የነፍስ አባታቸው አባ ሀብተ «ግራዝማች፣ ይተዉ፤ ሲበርድልዎ እንነጋገር» እያሉ እጃቸውን ያዟቸው። አልሰሟቸውም።

«እኔ ስሞት ይህ ልጅ ሬሳዬን እንዳይሸከም፣ ቃሬዛዬን እንዳይነካ፣ በሥላሴ ስም ገዝቻለሁ!»

እናቴ ጮኸች። እኔ ግዝት ምን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሁሉ የጋሽ ክንፈን ትከሻ ያየ ስለመሰለኝ ግዝቱ እዚያ ያረፈ ነገር ነው ብዬ ደመደምኩ። ለብዙ ጊዜ ሸሚዙን ሲያወልቅ ያቺ ጎድጓዳ ሰፍታ እንደሆነ እየተደበቅኩ አያት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ነገር ተበላሸ። ሲኒማ ገብቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ፊልሙን ያየ ሆነ። ሴቶች ገበያ ላይ ሲያልፍ ይንሾካሾካሉ። ጠጅ ቤት አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ልጆች «ባንዳ! ባንዳ!» እያሉ ይከተሉታል፤ ሁለቱን ነክሻቸዋለሁ፣ ደግ አደረግኩ። እሱ መጀመሪያ ላይ ያችን አካሄድ ሄዶ ያስቃቸው ነበር። ኋላ ተወው። ፊልም ሠሪዎቹ ለሌላ ሥራ ሰው ሲልኩበት የለም በሉት አለ።

«ለምን ባንዳ ሆንክ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሁሉም እምቢ አለ። የመጣው ሁሉ አርበኛ ካልሆንኩ ይላል። ባንዳ ከሌለ ታዲያ አርበኞቹ ማንን ይግጠሙ?» ትከሻውን ዳበሰ። «እኔ ደግሞ ኮሪያ ዘምቻለሁ፤ ማን ደፍሮ ባንዳ ይለኛል ብዬ ነው።»

ከሁሉ የከፋው ግን ማቋረጫው ነበር። ጋሽ ክንፈ የተከራየው ቤት ከሀዲዱ ማዶ ነው። አያቴ ከሩቅ ሲያዩት ጎጆዋ ውስጥ ይገቡና ቀዩን ባንዲራ ይዘው ይወጣሉ። ባቡር የለም፤ ፉጨትም አይሰማም። ባንዲራው የተነሳው ለእሱ ብቻ ነው። ጋሽ ክንፈም ይቆማል። ለማለፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሲሞክር አላየሁትም፤ እጁን አጣምሮ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። ከኋላው ጋሪው፣ አህያው፣ መኪናው ይሰለፋል። እህል ጭነው የሚመጡ ኦቦ ቶላ የሚባሉ ገበሬ ትዕግሥታቸው ያልቅና ይጮኻሉ።

«ግራዝማች! ባቡሩ የታለ?»

«ይመጣል!» ይላሉ አያቴ።

«ከየት? ከጅቡቲ ገና ሳይነሳ ነው የሚያቆሙን?»

መንገደኛው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር። እጃቸው ሲዝል ባንዲራው ይንቀጠቀጣል፣ ግን አያወርዱትም፤ በመጨረሻ ሲያወርዱትም ማለፉን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ጎጆዋ አዙረው ነው። ዛሬ ሳስበው ያ ሁሉ ሰው የሳቀበት ነገር ያንገበግበኛል። አባትና ልጅ በየቀኑ ሀዲድ መሀል አድርገው ይተያዩ ነበር፤ ከዚያ ሌላ መተያያም አልነበራቸውም።

ነገሩን የለወጠው አንድ የምሳ ሰዓት ላይ የቀባጠርኩት ነው። አያቴ ሽሮውን እየጠቀለሉ ነበር። እኔ እንዲሁ ወሬ ፍለጋ «ጋሼ እኮ ፊልሙ ላይ ይሞታል» አልኩ።

እጃቸው አፋቸው ሳይደርስ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ አሳየኝ። ግቢ ውስጥ። አርበኞቹ ይይዙትና ይተኩሱበታል። እንዲህ ነው የሚወድቀው» ብዬ ጠጠሩ ላይ ወደቅኩላቸው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አርበኞቹ ይሄዳሉ፣ ያልቃል።»

«ሬሳውን ማን አነሳው?»

ይህን ጋሽ ክንፈን ስጠይቀው የመለሰልኝን መለስኩላቸው። «ማንም። እዚያው ይቀራል።»

አያቴ ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ምሳቸውን ትተው ሀዲዱን ሲያዩ ቆዩ። የጥላቻ ፊት አልነበረም፤ ምን ፊት እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም። ማታ አባቴን «ያንን ፊልም የሚያሳዩበትን ቤት ታውቀዋለህ?» አሉት።

በሰኔ አንድ እሁድ፣ አያቴ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው ሜዳልያዎቻቸውን ደረድረው፣ አባቴ፣ እሳቸውና እኔ በሊቶሪና፣ በሰው ማመላለሻዋ ባቡር፣ ወደ ለገሃር ሄድን። ሊቶሪናዋ የራሳችንን ማቋረጫ ስታልፍ አያቴ አንገታቸውን አውጥተው ተተኪውን ዘበኛ ተመለከቱ። «ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ ነው የያዘው» ብለው ተቆጡ። አባቴ ለወንድሙ በድብቅ ነግሮት ኖሮ፣ ጋሽ ክንፈ ኋላ ፉርጎ ላይ ነበር። እኔ አይቼዋለሁ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ስላደረገልኝ ዝም አልኩ።

ሲኒማ ቤት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። መብራቱ ሲጠፋ የአያቴን እጅ ያዝኩ፤ እሳቸውም የእኔን ያዙ፣ ማን የማንን እንደያዘ እንጃ። ከዚያ ጋሽ ክንፈ ግድግዳውን አክሎ መጣ። አንገቱን ቀብሮ፣ ቆም እያለ፣ መሬት መሬት እያየ። አያቴ ከበሩ እስከ ምድጃው ያሳዩት አካሄድ ነው። አዳራሹ ተሳደበ። «ያዙት!» «እናትህን!» ይላል ሰው። ዋሻውን በጣቱ ሲያሳይ የአያቴ ጥፍር መዳፌን ወጋው።

በመጨረሻ ያዙት። ተኩስ ተሰማ። ጋሽ ክንፈ ግቢያችን ውስጥ እንዳሳየኝ አድርጎ ወደቀ፤ ዳገቱ ላይ ተንከባለለና አንድ ድንጋይ ያዘው። አርበኞቹ እየዘፈኑ በአጠገቡ አለፉ። አንዱ ተራመደበት። ሰው አጨበጨበ። ያኔ አያቴ ተነስተው ቆሙ።

«ኧረ አንሱት!» አሉ። ጭብጨባው ቀነሰ። «አንሱት እንጂ! ልጄ ነው! ሬሳ ጥላችሁ የት ነው የምትሄዱት? አንሱት!»

ሰው ሳቀ። ከኋላ «ሽማግሌ፣ ይቀመጡ!» የሚል ድምፅ መጣ። አያቴ ወደ ግድግዳው ሊሄዱ በወንበር እየተደናቀፉ ነበር፤ አባቴ ቢይዛቸውም አልቻላቸውም። ጋሽ ክንፈ ሰው እየረገጠ መጣና ፊታቸው ቆመ።

«አባባ፣ እዚህ ነኝ። አለሁ። ይዩኝ።»

አያቴ ፊቱን ዳበሱት። ግድግዳው ላይ ያለውን አዩ፣ እሱን አዩ። ከዚያ ግንባራቸውን ያቺ ጎድጓዳ ያለችበት ትከሻው ላይ አሳርፈው አለቀሱ። አያቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንመለስ ሊቶሪናዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አያቴ ከአቃቂ ልንደርስ ስንል ነው አፋቸውን የከፈቱት።

«የወንድሜን ሬሳ ጥዬ የሸሸሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ የሰው አገር ሰው ሳይቀር ተሸክመሃል። ያን ቃል ለምን ከአፌ እንዳወጣሁት እንጃ።»

«ይተዉት አባባ፤ አለፈ።»

«ገና አላለፈም። ግዝቱ መነሳት አለበት። አባ ሀብተ ፊት ነው የተናገርኩት፣ እሳቸው ፊት ነው የማነሳው።»

አባ ሀብተ ግን ክረምቱን ሊያሳልፉ አገር ቤት ወርደው ነበር። ለፍልሰታ ይመለሳሉ ተባለ። አባቴ «ሌላ ቄስ እንጥራ» ቢላቸው «ምን አስቸኮለህ? ልትቀብረኝ ነው?» ብለው ሳቁበት። እናቴም ሳቀች። ሁላችንም ነን የሳቅነው። ደህና ነበሩ፤ ሐምሌ ሳይገባ ገምባሌያቸውን አጥበው አጥር ላይ ያሰጡ ሰው ናቸው። ምነው ያኔ አንዱን ቄስ ከመንገድ ጎትተን ባመጣነው እላለሁ። የተበላሸው ሁሉ በአንዲት ቃል ሊስተካከል ተዘጋጅቶ ሳለ እኛ ፍልሰታን እንጠብቃለን።

ከሲኒማው በተመለስን ማግስት ጋሽ ክንፈ ወደ ማቋረጫው ሲመጣ እኔ ሳህኔን ይዤ እዚያው ነበርኩ። አያቴ ጎጆዋ ገብተው አረንጓዴውን ይዘው ወጡ። ከፍ አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ጉዳዩ የባቡር ሳይሆን የሹመት እስኪመስል ድረስ ያዙት። ጋሽ ክንፈ ሀዲዱ መሀል ሲደርስ ቆመና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣቸው። ኦቦ ቶላ አህዮቻቸውን እየነዱ «ተመስገን! ዛሬስ በጊዜ ገበያ ልንደርስ ነው!» አሉ። ያን ክረምት በየቀኑ እንዲህ ነበር። ዝናብም ቢሆን አያቴ ሳይወጡ አይቀሩም።

ዝናቡ ነው የጣላቸው። አንድ ቀን ረጥበው መጡ፣ ማታ አተኮሳቸው፣ ከዚያ ደረታቸው ያዘ። ሐኪም መጣ፣ መርፌ ወጋቸው። ጋሽ ክንፈ ከአጠገባቸው አልተነሳም። አያቴ መናገር ሲያቅታቸው ዓይናቸውን በሩ ላይ አደረጉ። እኔ ባቡር የሚጠብቁ መስሎኝ «ዛሬ ባቡር የለም አባባ» አልኳቸው። አባ ሀብተን ነበር የሚጠብቁት። ሐምሌ ሳያልቅ አረፉ።

ሬሳው ሊወጣ ሲል የእድሩ ሰዎች ቃሬዛውን አመጡ። አባቴ በግራ በኩል ያዘና የቀኙን ለወንድሙ ተወለት።

«ና፣ ያዝ» አለው። «ይቅር ብለውሃል። ሁላችንም ሰምተናል።»

የደብሩ ቄስ አንገታቸውን ደፉ፤ ይያዝም አይያዝም አላሉም። ጋሽ ክንፈ እጁን ወደ እንጨቱ ዘረጋ። ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ።

«ይቅርታማ አድርገውልኛል። ግዝቱን ግን አላነሱልኝም» አለ። «እሳቸው ሳይፈቱኝ እኔ ራሴን ልፍታ? በመጨረሻ ቀናቸው ቃላቸውን ላፍርስ? አላደርገውም ወንድሜ።»

ኮሪያ ላይ አንድ ሰው ያልተወ እዚህ አባቱን ተወ። ቀኝ ትከሻውን በግራ እጁ ይዞ፣ ሌላ ሰው ቦታውን ሲይዝ አየ። ከዚያ ከሰዉ ተነጥሎ ብቻውን ቀድሞን ሄደ። ሴቶች «ምን ሆኖ ነው?» ተባባሉ፤ እኔም ተናዶ የሄደ መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሀዲዱ ማዶ ነው። ማቋረጫው ጋ ልንደርስ ስንል የባቡር ፉጨት ሰማን፤ የቀኑ የጭነት ባቡር ከቃሊቲ በኩል እየመጣ ነው። የተሸከሙት ሰዎች እርምጃቸውን ቀነሱ። ያኔ ጋሽ ክንፈ ከአያቴ ጎጆ ወጣ። በእጁ ቀዩ ባንዲራ ነበር። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ሁለቱ ብረቶች መሀል ገብቶ፣ ባንዲራውን ወደ መንገደኛው ሳይሆን ወደ ባቡሩ ከፍ አድርጎ ቆመ።

ባቡሩ ጮኸ። ደጋግሞ ጮኸ። ጋሽ ክንፈ ንቅንቅ አላለም። ብረቱ እየፏጨ፣ መሬቱ እየተንቀጠቀጠ መጥቶ ፊቱ ቆመ። ነጂው ሊሳደብ አንገቱን አወጣና ቃሬዛውን አየ፤ ቆቡን አወለቀ።

«እለፉ» አለን ጋሽ ክንፈ፣ ሳይዞር።

አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲያሳልፉ ኖረው ያን ቀን ባቡር ቆሞ እሳቸው አለፉ። ልጃቸው ግን ሲያልፉ እንኳ አላያቸውም፤ ዓይኑ ባቡሩ ላይ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ባቡሩ ሄዷል። ጋሽ ክንፈ የጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱን ባንዲራዎች በገምባሌው ይጠቀልላል። አባቴ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ስታወርዷቸው እግራቸውን አስቀደማችሁ?» አለው ጋሽ ክንፈ።

አባቴ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«ቀስ ብለው ነው ያወረዷቸው ጋሼ» አልኩት እኔ። «መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ራሳቸውን።»

«ጎሽ» አለኝ። ገምባሌውን እስከ ጫፉ ጠቀለለና አስሮ ሰጠኝ።